«ታይትሬት ማድረግ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ «ሙሙቱን ታይትሬት አደረግነው» እንላለን። ለመሆኑ ምን አደረግነው ማለታችን ነው? ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «በጠብታ በጠብታ ጨመርንበት፤ ቀለሙ ሲለወጥ አቆምን» ብለን እንመልሳለን። ይህ ግን የእጃችንን ሥራ እንጂ የግሡን ትርጉም አይገልጽም። ነገ ክፍል ውስጥ ተማሪ «ለምን?» ሲለን መልስ እንዳናጣ የቃሉን ምንጭ እንመልከት።

ግሡ የመጣው «ቲትር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የሩቅ ሥሩ የላቲኑ «ቲቱሉስ» ሲሆን፣ ጽሑፍ ወይም መለያ ማለት ነው። አርእስት የምንለው የእንግሊዝኛው «ታይትል»ም ከዚሁ የተወለደ ነው። ፈረንሳዮች ግን «ቲትር»ን ለሌላም ጉዳይ ይጠቀሙበታል፤ ይኸውም በወርቅ ወይም በብር ውስጥ ንጹሑ ምን ያህል እንደሆነ ለሚያሳየው ልክ ነው። እኛ «ይሄ ወርቅ ስንት ካራት ነው?» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ቃሉና ሙከራው እንዴት እንደሚገናኙ የፈረንሳዊው ኬሚስት የጌ ሉሳክ ሥራ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1832 ባሳተመው የብር መመርመሪያ ዘዴ፣ በናይትሪክ አሲድ በሟሟው ብር ላይ ልኩ የታወቀ የገበታ ጨው ሙሙት ይጨመራል። ነጩ ዝቃጭ፣ ማለትም ሲልቨር ክሎራይድ፣ መፈጠሩን ሲያቆም ከፈሰሰው ሙሙት መጠን የብሩ ንጽሕና ይሰላል።

እንግዲህ ታይትሬት ማድረግ ማለት የማናውቀውን ልክ በምናውቀው ልክ መፈለግ ነው። የቀለሙ ለውጥ «በቃ!» የሚል ምልክት ብቻ ነው።

ምሳሌ፦ ልኩን የማናውቀው 25 ሚሊ ሊትር የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት አለን። ፊኖልፍታሊን ጠብ ስናደርግበት ሮዝ ይሆናል። ከቢዩሬት 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስንጨምርበት፣ 20 ሚሊ ሊትር ላይ ሮዙ ጠፋ እንበል። ሁለቱ የሚዋሐዱት አንድ ለአንድ ስለሆነ፦

0.1 × 20 ÷ 25 = 0.08 ሞላር

የፈለግነው ይሄንን ቁጥር ነው። ሳናሰላ ከተነሣን ጠብታ ቆጠርን እንጂ ታይትሬት አላደረግንም።

ስለዚህ እጩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችን ቢዩሬቱን ከመንካታቸው በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ የምናውቀው ምንድን ነው? የማናውቀውስ? ይህን የመለሰ ተማሪ ቃሉን ሳይሸመድድ ያውቀዋል።