አራተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር
(ስለ ልጆች ደኅንነት ለካቴኪስቶችና ለወላጆች የቀረበ ትምህርት)

ከዐሥርቱ ትእዛዛት መካከል በገጠር ቁምስናዎቻችን ለልጆች ለማስተማር እንደ አራተኛው የሚቀል የለም። አባትና እናትን ማክበር የጎጃም ልጅ ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ የሚማረው ነገር ነው። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የእንግዳ እግር ያጥባል፤ ሲጠሩት «አቤት»፣ ሲልኩት «ወዴት» ይላል። ካቴኪስቱም ከዚህ በላይ የሚጨምረው ያለ አይመስለውም። ሆኖም ይህ ትእዛዝ በግማሹ ብቻ የተማረ እንደ ሆነ ልጁን ለክፉ ሰው አሳልፎ ሊሰጠው ይችላልና፣ በዚህ እትም እንዴት ልናስተምረው እንደሚገባ እንመለከታለን።

በልጆች ላይ የሚደርሰውን በደል አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጽመው ልጁ የሚያውቀውና የሚያከብረው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ አንዳንዴም፣ ለመናገር ቢከብድም፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። እንዲህ ያለው ሰው ጉልበት ብዙም አያስፈልገውም። «የምልህን ስማ፤ ለማንም አትንገር» ማለት ይበቃዋል። «እሺ» ማለትን ብቻ የተማረ ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም እንደ ጽድቅ ይቈጥረዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ልጆች ለወላጆቻቸው በጌታ እንዲታዘዙ ያዛል። «በጌታ» የምትለው ቃል ወሰን ናት፤ ከጌታ ፈቃድ ውጭ የሆነውን ነገር ለሚያዝ ሰው መታዘዝ አይገባምና። ሐዋርያው ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያስጠነቅቃል። ብዙዎቻችን ግን ቁጥር 1ን አንብበን ቁጥር 4 ሳንደርስ መጽሐፉን እንዘጋለን።

ስለዚህ ካቴኪስቱ ልጆቹን በቀላል አማርኛ እንዲህ ሊላቸው ይገባል፦ ሰውነታችሁ በጥምቀት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆኗል። ማንም ሰው፣ ታላቅም ቢሆን፣ ካህንም ቢሆን፣ እኔም ብሆን፣ የሚያሳፍራችሁን ነገር ሊያደርግባችሁ አይገባም። ቢሞክር «እምቢ» ማለት ኃጢአት አይደለም። «አትንገሩ» ቢላችሁም ሮጣችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። «እኔም ብሆን» የምትለዋን መተው አይገባም፤ ልጆቹ መምህሩ ከልቡ መናገሩን የሚያውቁት በእርሷ ነው።

ወላጆች «ልጅ መጠየቅና እምቢ ማለት ከለመደ ይባልጋል» ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸውንም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን እናስብ። በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ የተወለዱት እኚህ የጎጃም ልጅ ከገዳም ገዳም እየዞሩ መምህራንን ሲጠይቁ ኖሩ፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም ተጓዙ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ስለ እምነታቸው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ዐረፉ። በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸው ሲታወጅ፣ ጠያቂ መሆናቸው ከቅድስና አላገዳቸውም።

ስለ ክፍሉ ሥርዓት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሩ ክፍት ይሁን፤ አንድ መምህር ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይቀመጥ፤ ትምህርቱ ልጆቹ ሳይመሽ ቤታቸው በሚደርሱበት ሰዓት ያብቃ። አለንጋ ግን ከክፍሉ ይውጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና ለሕፃናት በተቋቋሙ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ደንግጓል።

ከባዱ ነገር ልጁ የተናገረ ዕለት ይመጣል። ያን ጊዜ ካቴኪስቱ መርማሪ አይሁን፤ በእርጋታ ይስማ፤ «መናገርህ መልካም ነው» ይበለው፤ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ግን ቃል አይግባ። ተገዶ የተደፈረ ልጅ ከሆነ ሳይታጠብና ልብሱ ሳይቀየር ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይወሰድ፤ ኤች.አይ.ቪ.ን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምምና። ከዚያ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይነገር።

በዚህ ጊዜ ሽማግሎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ይመጣሉ። ሽምግልና የአገራችን ታላቅ ሀብት ነው፤ በድንበር የተጣላውን፣ ደም የተቃባውን ያስታርቃል። ነገር ግን በልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በካሣ ወይም ልጅቱን ለበደላት ሰው በመዳር የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። «ገመናችን አይውጣ» የሚለው አሳብ በተለይ እኛን ይፈትነናል። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. በጥምቀት በዓል ዕለት ነው፤ ምእመናኑም ጥቂቶች ናቸው። «ጎረቤት ምን ይለናል» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንን ስም ለመጠበቅ ተብሎ ልጅ ሊሠዋ አይገባም።

አንዳንድ ካቴኪስቶች የሰሙትን ሁሉ እንደ ምሥጢረ ንስሐ ይቈጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ካህን በኑዛዜ የሰማውን በምንም ምክንያት አይገልጥም፤ ይህ ማኅተም ግን ካህኑን እንጂ ልጅ በክፍል ውስጥ ያማከረውን ካቴኪስት አያስረውም። በደሉን የፈጸመው ካህን ወይም ገዳማዊ ከሆነ ደግሞ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡትና በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸኑት ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ካህናትና ገዳማውያን ማመልከት ግዴታቸው ነው፤ ማንኛውም ምእመንም ማመልከት ይችላል፤ ያመለከተውንም ዝም እንዲል ማስገደድ የተከለከለ ነው። ይህም ለመንግሥት ሕግ ያለብንን ግዴታ አያስቀርም።

ብዙ ጊዜ እንደ በደል የማይቈጠረው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ የምናልፍባት ማንኩሳ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የታወቀች ናት፤ በዚያ የተወለደው በዛብህ በወላጆቹ ስለት ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የታሰረ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ዛሬም ብዙ ሴት ልጆች ሳይጠየቁ ይታጫሉ። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7፣ ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት እስራት ይደነግጋል። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ለሴት 14 ዓመት የሚል ዝቅተኛ ወሰን ቢኖረውም፣ በቁጥር 789 በአገር ሕግ ሊፈጸም የማይችልን ጋብቻ ካህኑ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ እንዳይባርክ ያዛል። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች» የሚል ምክንያት አይሠራም።

የቁምስናው የጥምቀት መዝገብ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች የዕድሜ ማስረጃ የላቸውም። «18 ሞልቷታል» ሲባል መዝገቡ ይገለጥ፤ በልማዱ መሠረት ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ከተጠመቀች የተወለደችበት ቀን ከጥምቀቱ ዕለት ወደ ኋላ ተቈጥሮ ይገኛል። በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፣ የአንዲትን ልጅ መቅረት የሚያስተውል ከካቴኪስቱ በቀር ሌላ ላይኖር ይችላል። የሠርግ ወራት በሆነው በጥር አንዲት ተማሪ ሁለት እሑድ ከቀረች ካቴኪስቱ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ከቆሞሱ ወይም ከአንዲት እናት ጋር ወደ ቤቷ ይሂድ፤ ጠላው ከተጠመቀና ዘመድ ከተጠራ በኋላ ሠርግ ማስቀረት እጅግ ይከብዳል።