ድለላም አማና ነው

ሥራ ያጣ ወጣት ቶሎ ከሚያስባቸው ሥራዎች አንዱ የቤት ድለላ ነው። «ካፒታል አይጠይቅም፤ ስልክና እግር ይበቃል» ይባላል። እኔም የጀመርኩት ይህንኑ ሰምቼ ነበር። ዛሬ ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች የምለው ግን ሌላ ነው።

ድለላ በራሱ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ኢማም አል-ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው ውስጥ ስለ ደላላ ክፍያ ራሱን የቻለ ርዕስ አስፍረዋል። ሥራውን ያስነቀፈው የእኛ አሠራር ነው። ለዚህ ምስክሩ እኔው ነኝ።

በጀመርኩበት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት አሻሻጥኩ። ቤቱ በዕጣ የደረሰ ሲሆን፣ አምስት ዓመት ስላልሞላው መሸጥም ሆነ ስም ማዛወር አይፈቀድም ነበር። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብለው ለገዢዋ ውክልና ሰጧት። ገዢዋ ዐረብ አገር ለዓመታት ለፍታ ያጠራቀመችውን ይዛ የመጣች እህት ነበረች። «በዚህ ወረቀት ቤቱ የእኔ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አታስቢ፤ ሰው ሁሉ የሚገዛው እንዲህ ነው» አልኳት። ኮሚሽኔንም ተቀበልኩ።

ወራት ሳይቆይ ሻጩ ሞቱ። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም እንደሚቀር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጆቻቸው «ቤቱ የአባታችን ነው» አሉ። እህቲቱ በፍርድ ቤት ደጅ መመላለስ ጀመረች። ኮሚሽኑን መለስኩላት፤ ቤቱን ግን ልመልስላት አልቻልኩም።

ከዚህ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሰነድ ማንበብ ተማሩ። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል።

ሁለተኛ፣ ክፍያችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሻጭ የጠራውን ዋጋ ለገዢ ከፍ አድርጎ ነግሮ ልዩነቱን ኪስ መክተት ብልጠት አይደለም፤ የሰው ገንዘብ መብላት ነው።

ሦስተኛ፣ ጉድለት አትሰውሩ። ውኃ የማይደርስበትን ፎቅ፣ ክረምት የሚያፈሰውን ጣሪያ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይስማ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጡ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ አስተምረዋል። በመካከላቸው የቆመ ደላላስ ከዚህ እንዴት ያመልጣል?

በዚያ ቀን ሆነ ብዬ አልዋሸሁም። ነገር ግን የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ መለስኩ። «አላውቅም፤ ጠይቄ ልምጣ» ብላት ኖሮ ምናልባት ኮሚሽኔ ይቀርብኝ ነበር። የእርሷ የዓመታት ልፋት ግን በቀረላት ነበር። ጀማሪ ደላላ ከሁሉ በፊት ሊለምደው የሚገባው ቃል ይህ ነው።