የመኪና የፊት መብራት አምፖል አለዋወጥ

መኪና በሌሊት የሚያየው በፊት መብራቶቹ ነው። መብራቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይገኛል። በአገራችን መኪና የሚሄደው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ነው። ስለዚህ የቀኙ መብራት በይበልጥ የመንገዱን ዳር፣ የግራው ደግሞ የመንገዱን መሐል ያበራል። በዳሩ ማን እንደሚሄድ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ እህል የጫነ አህያ፣ ውሃ የቀዳች ልጅ፣ ወደ በረት የሚነዳ ከብት የሚያልፉት በዚያው ነው።

የቀኙ አምፖል ሲቃጠል ሾፌሩ እነዚህን በጊዜ አያያቸውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ «ኧረ ሰው!» ብሎ ፍሬን እስኪረግጥ መኪናው ደርሷል ማለት ነው። የግራው ሲቃጠል ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር አንድ መብራት ብቻ ስለሚያይ ሞተር ብስክሌት ይመስለዋል። መንገዱ ይበቃናል ብሎ ወደ መሐል ይጠጋል። በዚህ ዓይነት ሁለት መኪኖች ሊጋጩ ይችላሉ።

በገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል። እህል ሊያስጭኑ የቆሙ ሽማግሌ ሾፌሩን «ልጄ፣ የመኪናህ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል እኮ» ይሉታል። ሾፌሩም «ግድ የለም አባባ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብሎ ይመልሳል። መንገዱንስ ያውቀው ይሆናል። ዛሬ ማታ በመንገዱ ላይ ማን እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ደግሞም አምፖል መለወጥ ለብዙዎቹ መኪኖች ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ጋራዥ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በደጃፍ ላይ ይሠራል።

በብዙ ፒካፖችና የጭነት መኪናዎች ላይ የሚገኘው አምፖል ኤች 4 ይባላል። ውስጡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ክሮች አሉት። አንዱ ክር ሩቅ የሚያሳየውን ረጅም መብራት ይሰጣል። ሁለተኛው ሌላ መኪና ሲመጣ የሚበራውን አጭር መብራት ይሰጣል። ኤሌክትሪክ በክሩ ውስጥ ሲያልፍ ክሩ ከፍም ይበልጥ ይግላል፤ ብርሃኑም የሚወጣው ከዚህ ግለት ነው። ክሩ በጊዜ ብዛትና በመንገዱ መንገጫገጭ ይሳሳና ይበጠሳል። «አምፖሉ ተቃጠለ» የምንለው ይኸንን ነው። ክሩ ሁለት ስለሆነ አጭሩ ጠፍቶ ረጅሙ ሊበራ ይችላል። አንዳንዱ ሾፌር በዚህ ጊዜ ረጅሙን እያበራ ይነዳል። ይህ ግን ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ስለሚያጥበረብር ከጨለማው አይሻልም።

አምፖል ከመግዛት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል። በአሮጌው አምፖል የብረት መቀመጫ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም አያስፈራም፤ ቁጥሩ እኛ የተማርነው ቁጥር ነው። 12 ወይም 24 የሚል ቁጥርና ከጎኑ የእኛን «ሀ» የሚመስል ፊደል ይገኛል። ይህ ቮልት ማለት ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት መለኪያ ነው። ቀጥሎ 60/55 ወይም 75/70 የሚል ቁጥርና የእኛን «ሠ» የሚመስል ፊደል አለ። ይህ ደግሞ ዋት ነው፤ አምፖሉ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ያመለክታል። ቁጥሩ ሁለት የሆነው ክሩም ሁለት ስለሆነ ነው። ፒካፕና የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት ናቸው፤ ከጭነት መኪናዎች ብዙዎቹ ባለ 24 ናቸው። ባለ 12ቱ አምፖል ባለ 24 መኪና ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል። ባለ 24ቱ ባለ 12 ላይ ቢገባ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል። ባትሪ ቆጥሮ መገመትም አይበቃም፤ ሁለት ባትሪ እያላቸው በ12 ቮልት የሚሠሩ መኪኖች አሉና። ብርሃን ይበዛልኛል ብሎ ከተጻፈው በላይ ዋት ያለው አምፖል መግዛትም ሽቦና ሶኬት ያቀልጣል።

ሁለቱም መብራቶች ባንዴ ከጠፉ ግን ጥፋቱ ምናልባት የአምፖል ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ ፊውዙን ማየት ይገባል።

ለሥራው መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ሞተሩና መብራቱ ይጠፋሉ። አምፖሉ በርቶ ከነበረ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው፤ ቶሎ የነካው ሰው እጁ ይቃጠላል። ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ በመብራቱ ጀርባ ይገባል። በአንዳንድ የጭነት መኪና ላይ ከፊት ያለው ክፈፍ በካቻቢቴ መፈታት አለበት። ከጀርባው ሦስት ሽቦ የገባበት ሶኬት አለ። ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ከሥሩ የጎማ ሽፋን አለ፤ እሱም ይወልቃል። ከዚያ አምፖሉን የያዘው የሽቦ መቆለፊያ ይታያል። ይህን ተጭኖ ወደ ጎን ማላቀቅ ነው። አሁን አሮጌው አምፖል ይወጣል። ሲወጣ በየት በኩል እንደነበረ ልብ ይበሉ።

አዲሱን አምፖል ሲያስገቡ መስተዋቱን በእጅ መንካት ክልክል ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ አጉል ጥንቃቄ ይቆጥረዋል፤ ምክንያት ግን አለው። በጣታችን ላይ ሁልጊዜ ላብና ቅባት አለ። አምፖሉ ሲግል ቅባቱ የነካው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል። መስተዋቱ በዚያ በኩል ይዳከምና አዲሱ አምፖል ሳይቆይ ይበላሻል። ስለዚህ በብረት መቀመጫው በኩል ወይም በንጹሕ ጨርቅ መያዝ ነው። ተነክቶ ከሆነ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። አረቄ አይሆንም ወይ የሚል አይጠፋም፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ይሻላል።

የአምፖሉ መቀመጫ ሦስት የብረት ጆሮዎች አሉት። ጆሮዎቹ ቦታቸውን ሲያገኙ ያለ ግፊያ ይገባል። እምቢ ካለ ተሳስቷል ማለት ነውና በጉልበት መግፋት አይገባም። ተዛብቶ የገባ አምፖል ብርሃኑን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ሾፌር ያሳውራል። ከዚያ መቆለፊያው፣ የጎማ ሽፋኑና ሶኬቱ በቅደም ተከተል ይመለሳሉ። የጎማ ሽፋኑ በደንብ ካልገጠመ አቧራና ውሃ ገብቶ ከውስጥ ያለውን መስተዋት ያደበዝዛል።

ሲመሽ መኪናውን በግድግዳ ፊት ለፊት አቁሞ መሞከር ያስፈልጋል። አጭሩም ረጅሙም ይብራ። የሁለቱ መብራቶች ብርሃን በግድግዳው ላይ በአንድ ቁመት መዋል አለበት። አንዱ ከሌላው በጣም ከፍ ካለ አምፖሉን አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው። የአንዱ አምፖል ዕድሜ ሲያልቅ የሁለተኛውም ብዙ ስለማይቀረው ሁለቱን ባንድነት መለወጥ ይመረጣል።

በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ መብራቱ አንድ ላይ የታሸገ ነው፤ አምፖሉ ለብቻው አይወጣም። ዜኖን የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሰውን የሚጎዳ ከፍተኛ ቮልት ስላለው ባለሙያ ላልሆነ ሰው አይነካም። እነዚህ ወደ መካኒክ ይሂዱ። የወጣው አሮጌ አምፖልም ውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለበት ሲወድቅ ሊፈነዳ ይችላል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ልጆች ከማይደርሱበት ጉድጓድ ይጣል።

ጥያቄዎች
ሀ. የቀኙ መብራት ሲጠፋ በይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው? የግራውስ?
ለ. በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ ስንት ሜትር ያህል ይጓዛል?
ሐ. አንድ ነጋዴ 24 ቁጥር ያለበትን አምፖል ለባለ 12 ቮልት ፒካፕ ቢሸጥልዎት ምን ይሉታል?