ኖቲፊኬሽናችሁ በማን ሰዓት ይደርሳል?

በዓላትንና አጽዋማትን የሚያስታውስ ትንሽ አፕ ሠርቼ ነበር። በየቀኑ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለሁሉም ተጠቃሚ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ሐምሌ ላይ ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ደወለችና «ልጄ፣ ይሄ ነገርህ እኩለ ሌሊት እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ፤ አጠፋሁት» አለችኝ። የ7 ሰዓት ልዩነቱን ረስቼዋለሁ! ግራፌም የሁሉንም አማካይ ብቻ ስለሚያሳይ አላስጠነቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እለካለሁ፦

1. የተላከውን፣ ስልክ ላይ የደረሰውንና ተነክቶ የተከፈተውን ለየብቻ እመዘግባለሁ። ለምሳሌ 1000 ተልኮ 800 ደርሶ 80 ቢከፈት፣ ከተላከው 8 በመቶ፣ ከደረሰው ግን 10 በመቶ ነው። በየትኛው እንዳካፈላችሁ ግራፉ ላይ ጻፉ።

2. ሰዓቱን በዩቲሲ፣ የተጠቃሚውን የሰዓት ቀጠና ደግሞ ከጎኑ አስቀምጣለሁ። ግራፉን የምሥለው በተጠቃሚው ሰዓት፣ ለየቀጠናው ለብቻ ነው።

3. ያጠፉትንም እቆጥራለሁ። አፑ በተከፈተ ቁጥር የኖቲፊኬሽን ፈቃዱ መኖሩን ማጣራት ይቻላል። ያጠፉትን ዝም ብለን ከስሌቱ ካወጣን የሚቀሩት የሚወዱን ብቻ ናቸው፤ ሰው እየሸሸን መቶኛው ሊጨምር ይችላል።

አሁን አፑ በየሰው አገር ጠዋት 1 ሰዓት ይልካል። አክስቴን ግን ደውዬ መለመን ነበረብኝ፤ ኖቲፊኬሽን ላጠፋ ሰው «መልሰህ ክፈተው» የሚል ኖቲፊኬሽን አይደርሰውማ!