አንድ ግቢ ስንት ቤተሰብ ይይዛል?

የኅብረተሰብ ትምህርት

በአገራችን ከተሞች በአንድ ግቢ ውስጥ ትልቁ ቤት ከፊት፣ ሰርቪስ ክፍሎች ከኋላ ይሠራሉ። ባለቤቱ የኋላውን ያከራያል፤ ወይም ልጁ ሲያገባ ያስገባበታል። በሌላ አገር ግን ይህን ሕግ ሊከለክለው ይችላል። ዛሬ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች የሚኖሩባትን፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የምትገኘውን የሚኒያፖሊስን ከተማ እንመለከታለን። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቡ ምንድን ነው?

በየሰፈሩ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሠራ፣ ስንት ፎቅ እንደሚኖረው፣ ስንት ቤተሰብ እንደሚይዝ የሚወስን ሕግ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ይባላል። ደንቡ ጥቅም አለው፤ ለምሳሌ ጢስ የሚያወጣ ፋብሪካን ከመኖሪያ ቤት ያርቃል። ነገር ግን ሰውንም ሊያርቅ ይችላል። በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰፈርን በዘር የሚለይ የከተማ ደንብን ሻረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ከተሞች በአንድ ቦታ ላይ የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ እንዲሠራ ደነገጉ። ይህ ደንብ የማንንም ዘር አይጠራም፤ ሆኖም ሙሉ ቤት ለመግዛት አቅም የሌለውን ሁሉ ከሰፈሩ ውጭ አስቀረው።

ሚኒያፖሊስ ምን አደረገች?

ከከተማዋ የመኖሪያ መሬት 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ደንብ ሥር ነበር። በ2018 መጨረሻ የከተማዋ ምክር ቤት በ12 ለ1 ድምፅ አዲስ ፕላን አጸደቀ። ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ በየመኖሪያ ቦታው እስከ ሦስት ቤተሰብ የሚይዝ ዝቅ ያለ ቤት መሥራት ተፈቀደ። ተቃዋሚዎች አካባቢው ይጎዳል ብለው ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም ፕላኑን አገደው። በ2024 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አውጥቶ መንገዱን ከፈተለት።

ውጤቱስ?

ባለሦስት ቤተሰብ ቤቶች የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ከአዲሶቹ ቤቶች የሚበዙት በአውቶቡስ መንገዶች ዳር የቆሙ የኪራይ ሕንፃዎች ናቸው። ለእነዚህም ሌሎች የደንብ ለውጦች ረድተዋል። ከ2017 እስከ 2022 የከተማዋ ቤቶች ቁጥር 12 በመቶ ሲያድግ ኪራይ የጨመረው 1 በመቶ ብቻ ነው። በቀረው ሚኒሶታ ግን ቤቶች 4 በመቶ ሲጨምሩ ኪራይ 14 በመቶ ጨመረ። ስለዚህ ደንብ መለወጥ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ ቤት ሲበዛ ግን ኪራይ ይረጋጋል።

ውድ ወላጆች፤ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚፈልገው በአቅሙ የሚከራየው ቤት ነው። እንዲህ ያለው ደንብ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ የቤት ባለቤት ብቻ ሳይሆን ተከራይም ተነሥቶ መናገር ይችላል። ልጆቻችሁ ማንበብና በሰው ፊት መናገር እንዲለማመዱ የምንተጋው ለእንዲህ ያለው ቀንም ነው።

ጥያቄዎች

1. የመሬት አጠቃቀም ደንብ አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት ጻፉ።
2. የዘር ስም ያልጠራው ደንብ ሰዎችን ከሰፈር ያስቀረው እንዴት ነው?
3. ወላጆቻችሁን ጠይቁ፦ በቀድሞ ግቢያችን ስንት ቤተሰብ ይኖር ነበር? መልሱን በአምስት መስመር ጽፋችሁ ለክፍል አቅርቡ።