ስለ መንገድና ስለ ቦይ ብልሽት የሚያመለክት ረዳት፤ ውክልናውና ደረሰኙ

ማናቸውም ነጋዴ ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ ከገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚተማመነው በመንገድ፣ በመብራት፣ በውሃና በስልክ ነው። ከእነዚህ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በሱቁ ደጃፍ ነው። ብልሽቱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው የሚያመላልስ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ይኸንን ሥራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ ረዳት መስጠት ተችሏል። ነጋዴው እንዲህ ያለውን ረዳት ከማሰማራቱ በፊት ግን አሠራሩን፣ ይልቁንም ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ መሆን እንደሚገባው ማወቅ አለበት።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በአሜሪካ የባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ 311 የተባለውን ቁጥር ከፈተች፤ ቺካጎ በ1999፣ ኒው ዮርክም በ2003 ተከተሏት። በብሪታንያ ማይሶሳይቲ የተባለው ድርጅት በ2007 ፊክስማይስትሪት የሚባለውን አገልግሎት አቋቋመ። በዚህም ማንኛውም ሰው የመንገዱን ጉድጓድ ወይም የጠፋውን መብራት በካርታ ላይ ያመለክታል፤ ማመልከቻውም ለአካባቢው ምክር ቤት ተልኮ ለሕዝብ ሁሉ ይታያል። ከዚያም በኋላ የልዩ ልዩ ከተሞች መዝገቦች በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማመልከቻ እንዲቀበሉ ኦፕን 311 የተባለው ደንብ ተዘጋጀ። እንዲህ ያሉት መዝገቦች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በክላውድ፣ ይኸውም በኢንተርኔት ከሩቅ በሚከራዩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው።

ረዳቱ በራሱ ከንግግር በቀር ሌላ ማድረግ አይችልም፤ በመዝገብ ላይ እንዲጽፍ የሚያገናኘው መስመር ያስፈልገዋል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን የግንኙነት ደንብ ለሁሉ ክፍት አድርጎ አወጣ፤ ተወዳዳሪው ኦፕንኤአይም በማርች 2025 እንደሚቀበለው አስታወቀ። በዚህ ደንብ መሠረት አገልግሎቱ ሊሠራቸው የሚችለውን ተግባሮች ለረዳቱ ዘርዝሮ ያሳውቃል፤ ረዳቱም ከተዘረዘሩት መካከል ለጉዳዩ የሚስማማውን መርጦ ይጠቀማል።

ሥራውን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ነጋዴ በሱቁ ፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ በአፈር ስለ ተደፈነ ክረምቱ ሳይገባ እንዲጠረግለት ይፈልጋል እንበል። ረዳቱ በኦፕን 311 ደንብ በኩል መጀመሪያ የአገልግሎቶቹን ዝርዝር ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ የብልሽት ዓይነት የራሱ መለያ አለው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚመጣው ከዚሁ ላይ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ትክክለኛው ዓይነት ያልተገኘ እንደ ሆነ ረዳቱ የሚቀራረበውን ይመርጣል፤ የጎርፉ ቦይ በመጸዳጃ ፍሳሽ ስም ተመዝግቦ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ ክረምቱም ይገባል።

ሁለተኛውና ከባዱ ጉዳይ ቦታውን መግለጽ ነው። ደንቡ ቦታው በካርታ መጋጠሚያ ቁጥር ወይም በአድራሻ እንዲገለጥ ያስገድዳል። በአዲስ አበባ ግን ሰው ቦታን የሚያመለክተው «ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» እያለ ነው። ይህ ለሰፈሩ ልጅ በቂ ቢሆንም፣ ረዳቱ በዚህ አነጋገር ተመርቶ የማይገኝ አድራሻ ሊፈጥር ይችላል። ቦታውን ከስልኩ የሚወስድ ከሆነም ነጋዴው ማታ ከቤቱ ሆኖ ሲያመለክት የሚመዘገበው የሱቁ ሳይሆን የቤቱ ደጃፍ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ከመላኩ አስቀድሞ የብልሽቱን ዓይነት፣ ቦታውንና መግለጫውን መልሶ እንዲያሳይ፣ ነጋዴውም አይቶ ሲፈቅድ ብቻ እንዲልክ መታዘዝ አለበት።

ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። ማመልከቻው በተቀበለ ጊዜ መዝገቡ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግን ቁጥሩን ወዲያው ሳይሰጥ ኋላ በቁጥር የሚለወጥ ጊዜያዊ ምልክት ብቻ ይመልሳል። ረዳቱ «አመልክቻለሁ» ማለቱ ማመልከት አይደለም፤ እነዚህ መሣሪያዎች ያልሠሩትን እንደ ሠሩ አድርገው በመልካም አነጋገር የሚናገሩበት ጊዜ አለ። ነጋዴው ገንዘብ ከፍሎ ያለ ደረሰኝ እንደማይሄድ ሁሉ እዚህም ቁጥሩን ተቀብሎ ከቀኑ ጋር በመዝገቡ ይጻፍ። ዕቃው በጎርፍ ቢበላሽ፣ ብልሽቱ መቼ እንደ ታወቀ የሚያስረዳው ይኸው ቁጥር ሊሆን ይችላል። መስመሩ በመካከል የተቋረጠ እንደ ሆነም ረዳቱ ዳግመኛ ከመላኩ በፊት የፊተኛው መድረሱን ይጠይቅ፤ አለዚያ አንድ ቦይ አምስት ማመልከቻ ይሆናል፤ ሠራተኞቹም በከንቱ ይመላለሳሉ።

ስለ ሥልጣኑ ሲታሰብ ለነጋዴ የሚቀርበው ምሳሌ ውክልና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ በቀር ሌላ ሥልጣን እንደማይሰጥ፣ ከዚያ ለሚያልፈው ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። መሣሪያው በሕግ ፊት እንደራሴ ባይሆንም ጥንቃቄው አንድ ነው። ለረዳቱ የሚሰጠው የመግቢያ ቁልፍ ብልሽት ለመመዝገብና ውጤቱን ለመጠየቅ ብቻ የሚያገለግል፣ በማናቸውም ጊዜ ሊሻር የሚችል ይሁን። የድርጅቱ ሒሳብ፣ የደንበኞች ዝርዝርና የክፍያ መዝገብ የሚገኙበትን ቁልፍ ለዚህ ሥራ ማዋል የመጋዘኑን ቁልፍ ለመልእክተኛ እንደ መስጠት ነው። ረዳቱ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ወይም ሥዕል ሲያነብ በውስጡ የተሸሸገውን የሌላ ሰው ትእዛዝ እንደ ጌታው ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላልና፣ ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም።

ለስሕተቱም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በሰጠው ውሳኔ፣ የኤር ካናዳ መልስ ሰጪ መሣሪያ ለአንድ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የሰጠው የተሳሳተ ቃል ድርጅቱን ያስጠይቃል ብሏል፤ ኤር ካናዳም ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። መሣሪያው ለራሱ ሥራ ራሱ ይጠየቅ የሚመስለው መከራከሪያ ተቀባይነት አላገኘም።

የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦን፣ እሳትን ወይም የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይን በረዳት በኩል ማመልከት አይገባም፤ ለዚህ ወዲያው ስልክ መደወል ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ለእንዲህ ያለ ግንኙነት በሩን ያልከፈተ እንደ ሆነ ረዳቱ ማመልከቻውን ያረቅቃል እንጂ አያደርሰውም፤ ይዞ የሚሄደው ነጋዴው ራሱ ወይም ሠራተኛው ነው።

በመጨረሻ መዝገቡ ማመልከቻውን «ተዘግቷል» ብሎ የሚያሳይበት ቀን ይመጣል። ይህ ቃል ቦዩ ተጠረገ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ተላልፎ ወይም እንደ ተደገመ ተቆጥሮ ሊዘጋ ይችላልና፣ ረዳቱ አብሮ የተጻፈውን ምክንያት እንዲያነብ ይጠየቅ። ነጋዴውም ወጥቶ ቦዩን ይመልከት፤ አፈሩ እንዳለ ከሆነ የፊተኛውን ቁጥር ጠቅሶ ዳግመኛ ያመልክት።