የማይፈታ የአክስል ዳዶና የተበላሸ ጥርስ፦ በግቢ ውስጥ ስለሚደረግ ጥገና የተዘጋጀ ትምህርት

በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ሠፈር ለሚኖሩና ከዚያም እየተነሡ ለሚሠሩ የእርዳታ ሠራተኞች ተሽከርካሪ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በኩሌ፣ በቴርኪዲና በጄዊ ለተጠለሉት ስደተኞች የሚላከው መድኃኒትና የዕለት ቀለብ ሁሉ የሚጓዘው በመኪና ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እህል ወደብ ደርሶ ሳለ በማመላለሻ እጥረት ምክንያት ለተራበው ሕዝብ በወቅቱ ሳይዳረስ መቅረቱ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ጋምቤላ የተጓጓዙት ሠፋሪዎች ኑሮም በዚሁ መንገድ ላይ የተመሠረተ እንደነበረ የሚዘነጋ አይደለም። አንድ መኪና ቆመ ማለት አንድ ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ በመሆኑ መለዋወጫ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ስለሆነም ብዙው ጥገና በመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይከናወናል። ከነዚህ ጥገናዎች መካከል አስቸጋሪውና የሰው ሕይወት የሚነካው የአክስል ዳዶ ጉዳይ ነው። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዳዶው ይሠዋ፣ ዘንጉ ይዳን የሚል ነው። ዳዶ በቀላል ዋጋ ይተካል፤ ጥርሱ የተበላ ዘንግ ግን መኪናውን ለረጅም ጊዜ ያቆመዋል።

1. ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

በበጋ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃና ውኃ ወደ ጎማው ማዕከል ይገባሉ። ግራሶው ሲታጠብ ብረቱ ይዝጋል፤ ዳዶውም ከዘንጉ ጋር ይጣበቃል።

ይሁን እንጂ ከዝገት ይልቅ የሰው እጅ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። በብዙዎቹ የቶዮታ ላንድክሩዘር የመስክ መኪናዎች የፊት ጎማ ዘንግ ላይ ሁለት ቀጫጭን ዳዶዎች ይገኛሉ፤ በመካከላቸውም የሚታጠፍ ጠርዝ ያለው ሮንዴላ አለ። እነዚህን ለመፍታት ቱቦ መሰል የሆነ፣ ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር የሆነ መፍቻ ያስፈልጋል። መፍቻው ሲታጣ ዳዶውን በብረት መሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የዳዶው ጠርዝ ይቆረሳል፤ ስብርባሪው ወደ ኩሽኔታው ይገባል፤ ያመለጠው መሮም የዘንጉን ጥርስ ያደቅቀዋል። ሲመለስ ደግሞ ዳዶው ተዛንፎ ከተጀመረና በጉልበት ከተገፋ ጥርስ በጥርስ ላይ ይሄዳል፤ ጉዳቱም ይጸናል።

2. አልፈታ ያለን ዳዶ ስለ መፍታት

ሀ) መኪናውን ደልዳላ ቦታ ማቆም፣ በቀሪዎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ማስገባት ያስፈልጋል። የአካባቢው ጥቁር አፈር ሲርስ ስለሚሰምጥ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ።

ለ) አስቀድሞ ማሠሪያው ይፈታ። ኮፒሊያ ካለ ይውጣ፤ የታጠፈ ሮንዴላ ካለ ይቅና፤ የዳዶው ከንፈር ወደ ዘንጉ ተመትቶ ከሆነ ይነሣ። አልፈታ አለ የሚባለው ዳዶ ብዙ ጊዜ ማሠሪያው ያልተነሣለት ነው።

ሐ) በአንዳንድ ተሽከርካሪዎች የግራው ጎን ጥርስ አዟዟሩ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ጉልበት ከመጨመር በፊት አቅጣጫው ይረጋገጥ።

መ) ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ ላምባ ወይም ቀጭን ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይደር። ፈሳሹ ወደ ፍሬኑ ሸራ እንዳይደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሠ) በማግስቱ በልክ በሆነ መፍቻና በረጅም ቱቦ ሳያቋርጡ መሳብ ከመዶሻ ምት ይሻላል። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ከጠነከረ መልሶ ማጥበቅ፣ ዘይት መጨመርና እንደገና መፍታት ይገባል።

ረ) ይህም ካልሆነ ዳዶው ይቆረጥ። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ በአንድ ጎኑ በብረት መጋዝ ይቀደድና መጋዙ ጥርሱን ከመንካቱ በፊት ይቁም፤ የቀረውን ስስ ክፍል መሮ ይሰነጥቀዋል። እሳት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ግራሶን፣ ኩሽኔታንና የዘይት ማገጃ ጎማን ያበላሻል፤ ላምባ በፈሰሰበት ቦታም ቃጠሎ ያስነሣል።

3. ጥርሱን ስለ ማቅናት

በመጀመሪያ ዘንጉ በላምባ ታጥቦ ይድረቅ፤ ኩሽኔታው ብናኝ እንዳይገባበት ይነሣ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ከዚያ ጉዳቱ የት እንዳለ በፀሐይ ብርሃን ይመርመር። የተጎዳው የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ጥርስ ብቻ ከሆነ ሦስት ማዕዘን ባለው ትንሽ ሞረድ ማቅናት ይቻላል። የሜትሪክ ጥርስ ማዕዘን 60 ዲግሪ ስለሆነ ሞረዱ ሸለቆውን ተከትሎ ይሂድ እንጂ አዲስ ሸለቆ አይቆፍር። የሚነሣው የተደፋው ብረት ብቻ ነው።

ጥርስ ማውጫ መሣሪያ ከሌለ አንድ ደህና ዳዶ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። መጠኑና የጥርሱ ርቀት ከዘንጉ ጋር አንድ የሆነ ዳዶ ተወስዶ በውስጡ በሦስት ቦታ ጥርሱን የሚያቋርጥ ቦይ ይወጣለታል። ዘይት ተቀብቶ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እየተደረገ ሲሄድ ጥርሱን ያጸዳል። የዘንጉ ጫፍ የተደቀቀ እንደሆነ ግን ዳዶው ለሁለት ተሰንጥቆ በውስጠኛው ደህና ጥርስ ላይ ይታቀፍና ወደ ውጭ እየተፈታ ይምጣ። ከጤናማው ወደ ታመመው መሄድ ትክክለኛውን መስመር ያስይዛል።

4. የጥገናው ወሰን

ፈተናው አንድ ነው፤ አዲስ ዳዶ ያለ መፍቻ፣ በጣት ብቻ፣ እስከ መቀመጫው መግባት አለበት። ዳዶው በሚያርፍበት ሥፍራ ጥርሱ ዙሪያውን ከተላጠ ዘንጉ ይለወጥ። ቆርቆሮ ወይም ሽቦ ጠምጥሞ ማጥበቅ፣ ልኩ ያልሆነን ዳዶ በግድ ማስገባት፣ ዳዶውን ከዘንጉ ጋር መበየድ ጥገና አይባሉም። የብየዳ ሙቀት የዘንጉን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ስንጥቅም ሊያስከትል ይችላል።

5. አገጣጠም

ኩሽኔታው በአዲስ ግራሶ ይሞላ። የውስጠኛው ዳዶ ሲጠብቅ ጎማው በሁለቱም አቅጣጫ ይዙር፤ ከዚያ ላላ ተደርጎ በፋብሪካው መመሪያ ልክ እንደገና ይጥበቅ። ከሮንዴላው ጠርዞች አንዱ ወደ ውስጠኛው፣ ሌላው ወደ ውጭኛው ዳዶ ይታጠፍ። ኮፒሊያና ሮንዴላ ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። ከአጭር ጉዞ በኋላ የሁለቱም ጎማ ማዕከል ሙቀት በእጅ ይነጻጸር፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ሥራው እንደገና ይታይ።

6. የኃላፊው ድርሻ

ይህ ሁሉ የመካኒኩ ሥራ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። ልክ የሆነውን መፍቻ የሚገዛው፣ ትርፍ ዳዶና ሮንዴላ በመጋዘን እንዲኖር የሚፈቅደው ኃላፊው ነው። ከሁሉም በላይ መካኒኩ «ይህ መኪና አይወጣም» ሲል ቃሉ እንዲከበር ማድረግ የኃላፊው ግዴታ ነው። ነገ የእህል ማደያ ቀን ነውና በዚሁ ይሂድ የሚለው ትእዛዝ ለተረጂው ከማሰብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ጎማው የወለቀ መኪና እህሉንም አያደርስም፤ የጫነውን ሕመምተኛና ሾፌሩንም ለሞት ያጋልጣል። አንድ ቀን ዘግይቶ የሚደርስ እርዳታ ይደርሳል፤ ጎማው በወለቀ መኪና የተጫነው ግን ከነጭራሹ ላይደርስ ይችላል።